ያቺ ሴት ሳትመጣ ዘፈኑን አትቁረጡብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሰው ነኝ። ዕድሜዬ 58 ነው። ጋዜጣችሁን አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ደንበኛዬ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ያመጣልኛል። አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ያለፈው ይደርሰኛል። ቢሆንም ከፊት እስከ ኋላ አነበዋለሁ፤ የኀዘን መግለጫው ሳይቀር።

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊያችሁ ስለ ድሮ የካንትሪ ዘፈኖች ያወጣውን አነበብኩ። ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ጂም ሪቭስን አስታወሰን። እግዜር ይስጠው። አንድ ነገሩ ግን አልዋጥልኝ አለ። ሰው እነዚህን የልብ ስብራት ዘፈኖች እስከ ዛሬ የሚወዳቸው ወጣትነቱን ስለሚያስታውሱት ብቻ ነው ይላል። ዘፈኑ በራሱ ያን ያህል ነገር የለውም፣ ያለው የእኛ ትዝታ ነው ማለቱ ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ዘፈን ይዤ ልሟገተው።

ዘፈኑ የአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ የጆርጅ ጆንስ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዛሬ እሷን መውደድ አቆመ» ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ በእኛ 1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የደረሱት ቦቢ ብራዶክና ከርሊ ፑትማን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። እኔ ጋ የደረሰው ግን በ1978 ዓ.ም. ነው። ያኔ 19 ዓመቴ ነበር። ማሽኑ የአጎቴ ነበር፣ እኔ ገና ቁልፍ የምተክል፣ የቁምጣ ጠርዝ የምዘመዝም ልጅ ነኝ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የሱሪው ቂጥ ተተርትሮበት መጣ። ጠቀምኩለት። ዝርዝር ገንዘብ አጣና ከመኪናው አንድ ካሴት አምጥቶ ሰጠኝ። ላዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ካንትሪ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለውም።

ያቺን ካሴት እስከ ዛሬ አልጣልኳትም። ቴፓችን በድንጋይ ነበር የሚሠራው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ሲደክም ደግሞ ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየጎተተ ይሄዳል። ይሄ ዘፈን ግን ሲጎተትም ያምርበት ነበር። ሪሉ ሁለት ጊዜ ተበጥሷል። ሁለቱንም ጊዜ በመቀስ አስተካክዬ ቆርጬ፣ በቀጭን ፕላስተር ገጥሜዋለሁ። የተገጠመው ቦታ ሲደርስ አንድ ቃል ይውጣል። አሁን በስልክ ላይ ሙሉውን ስሰማ እንኳ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ጆሮዬ ይደናቀፋል።

እሺ፣ ይህን ጸሐፊያችሁ ትዝታ ይለዋል። ልክ ነው፣ ይህ ትዝታ ነው። ግን በዚያው ካሴት ላይ ሌሎች አሥር ዘፈኖች አሉ። ያው ቴፕ፣ ያው ሱቅ፣ ያው ወጣትነት። ከእነሱ አንዱን እንኳ ዛሬ በቅጡ አላስታውሰውም። ትዝታ ብቻ ቢሆን ሁሉንም እኩል ባስታወስኩ ነበር።

ነገሩ የገባኝ በአባቴ ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አባቴ የቅኔ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው አኮፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየነከሳቸው ቁራሽ ለምነው፣ ዋሸራ ድረስ ሄደው ቅኔ የተቀኙ ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዘፈን አይወዱም። ከሰዓት በኋላ ጭራቸውን ይዘው ሱቁ በራፍ ላይ፣ ከማሽኑ አጠገብ ይቀመጣሉ። እኔም እሳቸው ሲመጡ ቴፑን ዝቅ አደርገዋለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ዝቅ ሳላደርገው ቀረሁ። ያን ሰሞን አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ደንበኛዬ የዘፈኑን ቃል በደብተር ገልብጦ፣ ከሥሩ ትርጉሙን ጽፎልኝ ነበር። በምትኩ ሁለት ሱሪ ጠብቤለታለሁ። ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እየተከተልኩ ነው። አባቴ አዩኝና «ምንድን ነው የሚለው ይሄ ሰውዬ? እንዲህ የሚያቃስተው ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩና እያቆምኩ ተረጎምኩላቸው።

«እስክሞት እወድሻለሁ አላት ይላል።»

«እ።»

«እሷ ደግሞ ቀን ሲያልፍ ትረሳዋለህ አለችው። ዓመታት አለፉ። አልረሳም። ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይኖራል። ትመለሳለች ብሎ ይጠብቃል። ደብዳቤዎቿን አልጋው አጠገብ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጻፉ ናቸው። እወድሃለሁ ያለችበትን ቦታ ሁሉ በቀይ አስምሮበታል።»

አባቴ ጭራቸውን አቆሙ። «በቀይ?» አሉኝ። በቀይ አልኳቸው። የብራና መጽሐፍ ላይ በቀይ የሚጻፈው የማን ስም እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ እንደጠየቁ ይገባዋል።

«ቀጥል።»

«ዛሬ ልጠይቀው ሄጄ ነበር ይላል ጓደኛው። ዕንባ የሚባል የለም። ለመሄድ ተሰናድቶ፣ አምሮበት፣ ለብሷል። ሲስቅ ሳየው ከስንት ዓመት በኋላ ገና ዛሬ ነው ይላል።»

አባቴ ፊታቸው በራ። «እሰይ! ሊያገባ ነው» አሉ።

«ዛሬ እሷን መውደድ አቆመ ይላል።»

«አልኩህ።»

«ደጁ ላይ የአበባ ጉንጉን ሰቀሉ።»

«ሰርግ ነዋ!»

«ጥቂት ቆይተው ተሸክመው ይወስዱታል ይላል።»

አባቴ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ካሴቱ ቆሟል። ከውጭ የበግ ድምፅና የገበያ ሰው ጫጫታ ይሰማል። እኛ ሟችን በነጭ እንገንዛለን። እነሱ ሙሉ ልብስ አልብሰው ነው የሚቀብሩት። አባቴ ይህን አላወቁም ነበር፣ ስለዚህ ሰሙን እስከ መጨረሻው እንደ ሰም አድርገው ተከተሉት። ለእኔ እንኳ ደብተሩን አንብቤ ስለነበር ያን ያህል አልመጣብኝም። እሳቸው ላይ ግን ወርቁ ባንድ ጊዜ ነው የወረደባቸው።

ቆይተው «ለካ ዐርፎ ነው» አሉ።

ከዚያ ደግሞ ይህችኑ ቃል ለብቻዋ፣ ቀስ አድርገው ደገሟት። «ዐረፈ። እንግሊዙ ብዙ ቃል አባከነ። በእኛ አንድ ቃል ይበቃው ነበር።» ትንሽ አጉተመተሙና፣ እኔ እርሳስ ፈልጌ ሳልጨርስ፣ እንዲህ አሉ፦

ሲዳክር የኖረ በፍቅሯ ጎዳና፣
ዛሬስ ዐረፈላት መንገዱ አለቀና።

ሰሙ መንገደኛው ጉዞውን ጨርሶ ዕረፍት አደረገ ነው። ወርቁን እንኳን ለጎጃም አንባቢ፣ ለማንም መፍታት አያስፈልገኝም። በጠመኔ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩት። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ብዙ ጊዜ መልሼ ጽፌዋለሁ።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይኸው ነው። ይህ ዘፈን ያልሞተው ሰምና ወርቅ ስላለው ነው። አንድ ሰው መውደድ አቆመ ሲባል የምንሰማው ሌላ፣ የተባለው ሌላ። ይህን የሠሩት ሰዎች የቅኔ ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም። ግን ባለቅኔ የሚያደርገውን አድርገዋል። ወርቁን ደብቀው፣ ሰሙን አሳምረው፣ ሰሚው ራሱ እጁን ሰዶ እንዲያወጣው ትተውለታል። ራስህ ያወጣኸውን ነገር ደግሞ አትረሳውም። አንዴ ፍቺውን ካወቅህ በኋላ እንኳ በሰማኸው ቁጥር «አሁን ሊመጣ ነው» ብለህ ትጠብቀዋለህ። እኔ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው ስጠብቀው።

ሁለተኛ ነገር ልጨምር። የሚናገረው ማነው? አብዛኛው የልብ ስብራት ዘፈን ላይ የሚናገረው የተጎዳው ሰው ነው። ተጎዳሁ፣ ተቃጠልኩ፣ ከዳሽኝ። የእኛም የፈረንጁም እንዲሁ ነው። እዚህ ግን አፍቃሪው አንዲት ነገር ከተናገረ ተናገረ፤ እስክሞት እወድሻለሁ ብሏል፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚያወራው ወዳጁ ነው። አይቶ የመጣ ሰው ነው። ይህ ዘፈን አይደለም፣ ሙሾ ነው።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ጥሩ አልቃሽ ምን እንደምታደርግ አይቻለሁ። ዝም ብላ ጀግና ነበር፣ ደግ ነበር አትልም። አስቀድማ ትጠይቃለች። ምን ነበረው? ማንን ይወድ ነበር? የትኛውን በሬ ነበር የሚጠምደው? አንድ ጊዜ እኔ የሰፋሁትን ኮት ከግድግዳ አውርዳ፣ እጅጌውን ይዛ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈውን እያሳየች አለቀሰችበት። ያን ጥፍ የጣፍኩት እኔ ነኝ። አራት ማዕዘን፣ ቡና ዓይነት ጨርቅ፣ ኮቱ ግራጫ። ተመሳሳይ ጨርቅ አጥቼ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ሁሉ ያቺን ጥፍ አይቶ ነው የተንሰቀሰቀው። ቡናማዋን ጥፍ ያየ ሰው ሟቹን አየው።

የዘፈኑ ቀይ መስመርም ለእኔ እንደዚያች ጥፍ ናት። ብዙ ወደዳት ከማለት፣ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ፣ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ሲያሰምር ማሳየት። እ.ኤ.አ. 1962 በእኛ 1954 ወይም 1955 ዓ.ም. ነው። ዘፈኑ እስከ ወጣበት ድረስ 18 ዓመት። አንድ ልጅ ተወልዶ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ያቺን ደብዳቤ ሲያነብ ኖሯል ማለት ነው።

ባለቤቴ በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አትስማማም። «ሞኝ ነው» ትላለች። «ሴትዮዋ ነግራዋለች። ትረሳዋለህ ብላዋለች። ምን አጠፋች? ዕድሜውን የበላው ራሱ ነው።» እውነቷን ነው። ግን ልብ በሉ፣ ዘፈኑም አንድም ቦታ ሴትዮዋን አይወቅሳትም። ከዳተኛ አላላትም። እርግማን የለበትም። እኛ ጋ ስንት ዘፈን አለ፣ ሴቲቱን በስድብ አጥቦ የሚያሰጣት! ይህ ግን ልጅቷን እንደ ሰው ተዋት። የወደደ ወደደ፣ ያልወደደች አልወደደችም። ባለቤቴ ሞኝ ነው እያለች እንኳ ዘፈኑ ሲጀምር የቡናውን ሙቀጫ ታቆማለች። አይቻታለሁ።

ስለ ዘፋኙም የማውቀውን ልበል። ጆርጅ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1931 ቴክሳስ ውስጥ የተወለደ ነው። መጠጥ ክፉኛ ተጫውቶበታል። ኮንሰርት ተጠርቶ ሳይገኝ ስለሚቀር ስም ወጥቶለት ነበር። ይህ ዘፈን ሲመጣለት አልወደደውም። በጣም ረዘመ፣ በጣም አሳዘነ፣ ማንም አይገዛውም ብሎ ነበር። ርዝመቱ እኮ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው! ዜማውም አልያዝልህ ብሎት የሌላ ዘፈን ዜማ ውስጥ እየገባ አስቸግሯል። ፕሮዲውሰሩ ቢሊ ሼሪል ግን አለቀቀውም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1980 የካንትሪ ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። ጆንስ ብቻውን በዘፈነው ዘፈን አንደኛ ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። የአገሩ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሁለት ዓመት በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ድርሰት ብሎ ሸለመው። ግራሚም አገኘበት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ከሚላቸው የድምፅ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ጆንስ ራሱ በኋላ፣ አርባ ዓመት የፈጀውን ሙያዬን የሦስት ደቂቃ ዘፈን አዳነልኝ እስከማለት ደርሷል።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጉዳይ ላይ ደረስኩ።

በዘፈኑ ውስጥ፣ ተሸክመው ይወስዱታል ከሚለው በኋላ፣ ዘፋኙ መዝፈኑን ትቶ ይናገራል። አራት መስመር ነው። ዜማ የለውም። ከኋላው ግን ሙዚቃው ቀጥሏል፣ አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ፣ ያለ ቃል፣ ከሩቅ ታሰማለች። እንደ ሩቅ ለቅሶ ደራሽ ናት። ከተራራው ማዶ ስትመጣ ድምፅዋ ቀድሟት የሚደርስ። ጆንስ የሚናገረው እንዲህ ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው መጣች፤ ትመጣ ይሆን እያልን ሁላችንም ስናስብ ነበር። በልቤ የሚመላለሰው ይሄ ነው፤ በዚህኛውስ ለዘለዓለሙ ተላቀቃት። ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ዜማው ይመለሳል።

ሰውዬው ጠጥቶም ቢሆን መዝፈን አያቅተውም ነበር። መናገሩ ነው ያቃተው፤ ምላሱ ይተሳሰራል። ቢሊ ሼሪል እንደተናገረው እነዚህ አራት መስመሮች የተቀዱት ዜማው ከተቀዳ 18 ወር ያህል ቆይቶ ነው። አስቡት። ለአራት መስመር ንግግር ያን ያህል ጊዜ ጠበቁ። ሳይናገረው ይቅር፣ ዘፈኑ ያለሱም ይበቃዋል አላሉም።

እኛ ጋ ግን ይቆረጣል።

ጣቢያውን አልጠራም። እሑድ ከሰዓት በኋላ የድሮ ዘፈን የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ይህን ዘፈን በዚህ ዓመት ሦስት ጊዜ ሲያቀርቡት ሰምቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ልክ ንግግሩ ሊጀምር ሲል አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገባበት። አንዴ ሰላምታ አስተላለፈ። አንዴ ሰዓት ነገረን። አንዴ የቤት ዕቃ ማስታወቂያ ለቀቀ። እሱ ዜማው ያለቀ መስሎት ይሆናል። ክፋት አለው አልልም። ግን ይህ ማለት ሟቹን ከቤት አውጥተን፣ ያቺ ሴት ገና መንገድ ላይ ሳለች አፈር መመለስ ማለት ነው። በእኛ አገር እንኳን እንዲህ ያለች ሴት ቀርታ፣ የሩቅ ዘመድ ይደርሳል ከተባለ ቀብር ይጠበቃል።

ለምን እንዲህ እንደምከራከር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሊመሽ ሲል፣ ሱቁን ልዘጋ ሳንቃውን ስይዝ፣ አንዲት ትልቅ ሴት መጡ። ሃምሳን ያለፉ ይመስሉኛል። በላስቲክ ጥቁር ጨርቅ ይዘዋል። «እስከ ነገ ጧት ቀሚስ አድርግልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ማን ዐረፈብዎት?» አልኳቸው። የኀዘን ልብስ ሲሆን እንጠይቃለን። ለባል ሌላ ነው፣ ለወንድም ሌላ ነው። ርዝመቱም፣ የሚለበስበትም ጊዜ ይለያል።

«የአገሬ ሰው ነው» አሉኝ።

«ምንዎት ይሆናል?»

ሴትዮዋ ሜትሩን ከአንገቴ አውርደው ራሳቸው ወገባቸው ላይ አዞሩት። ቁጥሩን አዩና «ሰባ ስምንት በል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልመለሱልኝም። እኔም ድጋሚ አልጠየቅኩም።

ሌሊቱን በኩራዝ ሰፋሁት። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር በኩራዝ መስፋት ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስፌቱ አይታይም፣ በጣት እየዳሰስክ ነው። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ሱቁ ውስጥ ለበሱት። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቀው ለበሱ። ሒሳቡን ከነጉርሻው ከፍለው ወጡ። እስከ መንገዱ መታጠፊያ በዓይኔ ሸኘኋቸው። ፈጥነው አልሄዱም።

ወደ ማታ ከለቅሶው የተመለሱ ሰዎች ሱቄ በራፍ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዲት ሴት መጥታ ከኋላ ቆማ ነበር፣ ማን እንደሆነች ብዙ ሰው አላወቃትም፣ ያወቁት ግን ትመጣ ይሆን እያሉ ሲንሾካሾኩ ነበር ተባለ። አላለቀሰችም። አፈሩ ሲመለስ ቆማ አየች፣ ከዚያ ሄደች። ከሟቹ ሚስት ጋር እጅ ተነሣሥተዋል ተባለ። የዚያን ምሽት ካሴቷን አጫወትኳት። ደብተሩ አላስፈለገኝም።

ስለዚህ ለእኔ ያ ንግግር የዘፈኑ ትርፍ ጫፍ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ የአንድ ሰው ነገር ነው። እሷ ስትመጣ ነው የሁለት ሰው ነገር የሚሆነው። ለምን እንደመጣች ዘፈኑ አይነግረንም። ወዳው ይሁን፣ ጸጽቷት ይሁን፣ ለደንቡ ይሁን፣ ለእኛ ተትቷል። ሰው ይህን ዘፈን 45 ዓመት የሚደጋግመው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህችን ነገር ለማወቅ ነው።

ጆርጅ ጆንስ ያረፈው ሚያዝያ 18 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ዓርብ ነበር፣ የሆሳዕና ዋዜማ ዋዜማ። እኔ የፋሲካ ልብስ ተደርድሮብኝ ቀና ማለት አልችልም። ዜናውን በሬዲዮ ሰማሁት። የተቀበረው ደግሞ በሳምንቱ ሐሙስ ነው፤ በእኛ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ናሽቪል ውስጥ በግራንድ ኦል ኦፕሪ አዳራሽ ሲሸኝ፣ መጨረሻ ላይ አለን ጃክሰን ይህንኑ ዘፈን ዘፈነለት። እኔ ጾምም ሕማማትም ስለነበር ካሴቱን አላነሣኋትም። ፋሲካ አለፈና፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሱቁን ሳልከፍት ከውስጥ ሆኜ አንድ ጊዜ አጫወትኳት። ጠረጴዛው ላይ የአባቴን ሁለት መስመር እንደገና ጻፍኩ።

የጸሐፊያችሁን ሐሳብ ያፈረሰብኝ ግን ባለፈው እሑድ የሆነው ነገር ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ተለማማጅ ልጅ አለ። 19 ዓመቱ ነው። ካሴት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የእኔን አይቶ ነው። ይህ ዘፈን የሚያስታውሰው ወጣትነት የለውም፤ ገና እየኖረበት ነው። የቀሩብን የተማሪ ዩኒፎርሞች ስለነበሩ ከቀትር በኋላ ገብተን እየሠራን፣ ሬዲዮው ይህንኑ ዘፈን አመጣ። ልጁ ርእሱን በእንግሊዝኛው ያዛት። አቅራቢው እንደ ልማዱ ሊያልቅ ሲል ቆረጠው።

«ጎሽ!» አለ ልጁ ማሽኑን እየረገጠ። «መውደድ አቆመ። ተገላገለ።»

አልቻልኩም። ስልኬን አወጣሁና ሙሉውን ከፈትኩለት። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ለአባቴ እንዳደረግኩት እያቆምኩ ነገርኩት። ፎቶዋን፣ ደብዳቤውን፣ ቀዩን መስመር። ለብሶ ሲስቅ አየሁት የሚለው ላይ ልጁም ሳቀ። የአበባው ጉንጉን ላይ ግን ቀና አለ። የከተማ ልጅ ነው፣ ጉንጉን ለምን እንደሚሰቀል ያውቃል።

«ሞቶ ነው እንዴ?»

አልመለስኩለትም። ስልኩን ለቀቅኩት። ዘፋኙ ዜማውን ትቶ መናገር ጀመረ። ልጁ እግሩን ከፔዳሉ አነሣ። መርፌው ከጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቆመ።

«ምን አለ ጋሼ?»

«መጣች አለ።»

እጁ ኮሌታው ላይ እንደሆነ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ክሩን ሊቆርጥ መቀሱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«እስቲ ይድገሙት» አለኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ልብስ ሰፊ
ከፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም